ለአንድ ወንበር ይሄ ሁሉ ድምፅ

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጋምቤላ ውስጥ ያ ጊዜ ሙቀቱ የሚከብድበት፣ ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ የሚውልበት ወቅት ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ በእጄ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ ሰው መጀመሪያ ከልቡ የፈለገውን ልጥለው ይዤ ስወርድ ስለነበር ነው።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዬን ነው። መሃል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። ተረኛ ካልሆንኩ ከሰዓት በኋላዬ ባዶ ነው።

አንድ እሁድ የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ቤቴን ሊባርኩ መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በዕድሜም በሰውነትም። የነበሩኝ ወንበሮች ፕላስቲክ ናቸው። በኛ ሙቀት ፕላስቲክ ወንበር ትንሽ ከቆየ እንደ ብስኩት ይሆናል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ፓስተሩም ያውቃሉ። ተቀመጡ። እግዚአብሔር ይህን ቤት እንዲያጸናው መጸለይ ጀመሩ። «አጽናው» ሲሉ ወንበሩ አራቱንም እግሮቹን ዘርግቶ ተኛ። ፓስተሩ ዓይናቸውን አልገለጡም። መሬት ላይ እንደተቀመጡ ጸሎቱን ጨረሱ፣ እኔም አሜን አልኩ፣ ከዚያ በኋላ አነሳኋቸው። ስለ ወንበሩ አንዳችንም አላነሳንም።

ሲሄዱ የእንጨት ወንበር ራሴ ልሠራ ወሰንኩ።

ለምን እንዳልገዛሁ ሰዎች ይጠይቁኛል። ከዚያ በፊት ለአንድ አናጢ ጠረጴዛ አዝዤ፣ «ነገ» እያለኝ ነገን ስጠብቅ ከርሜ ትቼዋለሁ። በዚያ ላይ በስልኬ የእንጨት ሥራ ቪዲዮ ማየት ለምጄ ነበር። አንድ ፈገግ የሚል ሰውዬ ጣውላ ይቆርጣል፣ ይገጥማል፣ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ሁሉም ነገር ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። ሰውዬው ላብ አይታይበትም። ይህ ብቻ እንኳን ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

መጋዝና መዶሻ ገዛሁ። እንጨት የሚላግበትን መላጊያ ከአጎቴ ተዋስኩ። ከደጋ የመጣ የዋንዛ ጣውላ መርጬ ባጃጅ ውስጥ አስገባሁ። ማስገባት ከተባለ ነው፤ ጣውላው በግራም በቀኝም ወጥቶ ስለነበር ሹፌሩ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ በጡሩምባ እያስጎነበሰ ነው ያደረሰኝ።

ቤት ውስጥ እንጨት መሥራት ቪዲዮው ላይ እንዳለው አይደለም። ጣውላውን ጠፍሮ የሚይዝልኝ ነገር ስላልነበረኝ ከአልጋዬ ጋር በአንሶላ አሰርኩት። በመጋዝ ስቆርጥ አልጋው አብሮኝ ይሄዳል። ጠዋት ግድግዳው ጋ የነበረ አልጋ ከሰዓት በኋላ በሩ ጋ ይገኛል። ሰጋቱራው ፍራሹ ውስጥ ገባ፣ ሩዙ ውስጥ ገባ፣ የሥራ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ገባ። ሆቴል አንድ እንግዳ የክፍሉን ቁልፍ ስሰጠው እፍ ብሎበት ተቀበለኝ።

ምስማር መምታት በጀመርኩ ቀን ከወለሉ ሥር ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መታሁ፤ ኳ ኳ አለ። አቆምኩ፤ አቆመ። ትንሽ ቆይቶ በሬ ተንኳኳ።

መጥረጊያ የያዘች ረዥም ሴት ቆማለች። ኛኩም ናት፤ ከኔ ሥር ምድር ቤት የምትኖር ጎረቤቴ። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ ያለፈ አናወራም ነበር። ባሏ ኩሌ በሚባለው የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ስለሚሠራ ቤት የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው።

«አንቺ፣ እዚህ ላይ ምንድነው የምትሠሪው?» አለች።

«ወንበር።»

«ስንት ወንበር?»

«አንድ።»

በትከሻዬ አሳልፋ ወደ ውስጥ አየች። አልጋው በሩ ጋ ነበር።

«ለአንድ ወንበር ይሄ ሁሉ ድምፅ?»

እኔ አኝዋክ ነኝ፣ እሷ ኑዌር ናት፤ የምንግባባው በአማርኛ ነው። አማርኛ የሁለታችንም የእናት ቋንቋ ስላልሆነ ስንጣላም ቃል እየፈለግን ነው የምንጣላው። ይህ ጠብን በጣም ያዘገያል።

«ልጅ አለችኝ» አለች ቆይታ። «ስትመቺ ትደነግጣለች። በጣም ነው የምትደነግጠው።»

ልጅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ግቢው ውስጥ የሚሯሯጡትን ልጆች ሁሉ የማን እንደሆኑ አውቃቸዋለሁ፤ የሷ የሚባል አላየሁም። ጨቅላ ትሆናለች ብዬ አሰብኩ።

«ስትተኛ ልምታ?»

«ስትተኛ ከመታሽ ትነቃለች።»

«ስትነቃ ልምታ?»

«ስትነቃ ከመታሽ ትደነግጣለች።»

ሌላ ሰዓት አልነበረም።

መላውን ያመጣችው እሷ ናት። ከመምታቴ በፊት ወለሉን በተረከዜ ቀስ ብዬ እረግጣለሁ። እሷ ልጅቷን እቅፍ አድርጋ ጆሮዋን ትሸፍናለች። ከሸፈነች በኋላ በመስኮቱ «ምቺ» ትላለች። ያኔ እመታለሁ።

እንዲህ ሆነ። ለብዙ ቀን ከታች «ምቺ» ይባላል፣ ከላይ ይመታል፤ «ምቺ» ይባላል፣ ይመታል። በግቢው የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው ይሰሙና ይሄዳሉ። ማንም ጠይቆን አያውቅም። ምስማሮቹ ግን አብዛኞቹ ተጣመሙ። ሰው ሲፈቀድለት ብቻ የሚመታ ከሆነ እጁ ይጨነቃል።

በመጨረሻ ወንበሩ አለቀ። አለቀ ስል ጣውላው አለቀ ማለቴ ነው። መሬት ላይ ሳቆመው ተወላገደ፤ ስለዚህ የረዘመውን እግር ቆረጥኩ። አሁን ሌላኛው ረዘመ። እሱንም ቆረጥኩ። እንዲህ እያስተካከልኩ ስሄድ ወንበሩ ከጉልበቴ በታች ወረደ፤ የኋላ እግሮቹም ከፊተኞቹ አጠሩ። መቀመጫው ስለተሰነጠቀ በጠባብ ሳንቃ ቀየርኩት። መደገፊያው ወደ ኋላ ጋደል አለ። እንዳይላቀቅ ብዬ በግራና በቀኝ ጣውላ መታሁበት፤ ክንድ ማሳረፊያ መሰለ፤ ግን ከፍ ብሎ ብብት ጋ ይደርሳል። እየጠበብኩ ገብቼ ተቀመጥኩበት። ዓይኔ በቀጥታ ያረፈው ጣሪያው ላይ ነው። ስነሳ ወንበሩ አብሮኝ ተነሳ።

ፓስተሩ አንድ ቀን ሰላም ሊሉኝ ጎራ ብለው አዩት። «ጎበዝ» አሉኝ። ቆመው ጸለዩ።

ግቢው ጥግ ላይ ሰዎች ማገዶ የሚከምሩበት ቦታ አለ። እዚያ ልጥለው ወሰንኩ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። መብራት ስለጠፋ ማራገቢያ የለም፤ የሁሉም ሰው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሩን ታቅፌ ደረጃውን ስወርድ የኛኩም በር ከፊቴ ሆነ። ሳላስበው ወደ ውስጥ አየሁ።

ልጅቷ ጨቅላ አልነበረችም። አምስት ዓመት ገደማ ይሆናታል። ኛኩም እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ልጅቷን ጭኗ ላይ ጋደም አድርጋ፣ ጭንቅላቷን በአንድ ክንዷ ደግፋ፣ ቀጠን ያለ ገንፎ በማንኪያ ትሰጣታለች። የልጅቷ አንገት ራሷን አይሸከምም። እግሮቿ ተገትረው አንዱ በሌላው ላይ ተቆላልፏል። ከምትጎርሰው ግማሹ ተመልሶ ይወጣል። ስትውጥ ያስላታል፤ ሲያስላት መላ ሰውነቷ ይገተራል፤ እናቷም እስኪያልፍላት አጥብቃ ይዛ ትጠብቃለች። ሲያልፍላት ሌላ ማንኪያ። የኛኩም ክንድ ሲንቀጠቀጥ ከበሩ ሆኜ ይታየኝ ነበር። አጠገቧ የራሷ ምሳ በሳህን ተከድኖ ተቀምጧል።

ያ ሁሉ «ምቺ» ሲባል ክንዶቿ ምን ይዘው እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ቀና ብላ አየችኝ። አላፈረችም፣ አልተቆጣችም። ዓይኗ ወንበሩ ላይ አረፈ።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ማን ነው የሚቀመጥበት?»

«ማንም።»

«የት ትወስጂዋለሽ?»

«ልጥለው ነው።»

ማንኪያውን አስቀመጠች። ከሩቅ ሆና ወንበሩን ገበያ ላይ ዓሣ እንደሚመርጥ ሰው ላይ ታች አየችው።

«አምጪው» አለች።

ከፊቷ አስቀመጥኩላት። ጨርቅ አጣጥፋ መቀመጫው ላይ አነጠፈች፣ መደገፊያውም ላይ ደረበች። ከዚያ ልጅቷን ብድግ አድርጋ ቀስ ብላ አስገባቻት።

ልጅቷ ቀጥ ብላ ተቀመጠች ማለት አይቻልም፤ ወንበሩ ራሱ ቀጥ ያለ አይደለም። ግን ተቀመጠች። መደገፊያው ጋደል ስላለ ጭንቅላቷ ወደ ፊት አልወደቀም። ጣውላዎቹ በብብቷ ሥር ገብተው ወደ ጎን እንዳትሄድ ያዟት። ጠባቡ መቀመጫ ልኳ ነበር። ኛኩም እጇን ከጀርባዋ አወጣች። አሁንም እንደተዘጋጀች፣ እጆቿን ወንበሩ አጠገብ ክፍት አድርጋ ቆየች።

«ኛማል ነው ስሟ» አለችኝ።

ኛማል ግድግዳውን አየች። በሩን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ረዘም ላለ ጊዜ። እስከዚያ ድረስ ስትበላ የምታየው የእናቷን አገጭ ብቻ ነበር መሰለኝ። ሰላም አልኳት። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም፤ ግን መልስ ነበር።

ኛኩም ማንኪያውን ልታነሳ ዞር አለች። በዚያው ቅጽበት ንፋስ ገባና የአንዱ ጎረቤት የብረት በር ጓ ብሎ ተዘጋ።

ልጅቷ በድንጋጤ እንደ ቀስት ወደ ኋላ ተለመጠች። እኔ ደጋግሜ የቆረጥኳቸው የኋላ እግሮች ከነሱ በላይ ያለውን ክብደት የሚሸከሙ አልነበሩም። ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ። ምን እንዳደረግኩ በደንብ አላስታውስም፤ እግሬን ከሥሩ መስደዴን አውቃለሁ። መደገፊያው ቅልጥሜ ላይ አረፈ። የልጅቷ ጭንቅላት ከሲሚንቶው ወለል በላይ፣ ከጉልበቴ በታች ቆመ።

ከዚያ ኛማል ማልቀስ ጀመረች። ኛኩም አወጣቻት፣ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፣ በራሷ ቋንቋ በጆሮዋ የሆነ ነገር ደጋግማ ነገረቻት። እኔ ይቅርታ ማለቴን ቀጠልኩ። አልሰማችኝም።

«ውሰጂው» አለች በመጨረሻ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

ወንበሩን ይዤ ወጣሁ። እያነከስኩ ማገዶው ጋ ደረስኩ። እዚያ ግን አልጣልኩትም፤ ይዤው ቆምኩ። የምፈራው ነገር ግልጽ ነው፤ ልጅቷ አሁን የተረፈችው ከዚሁ ወንበር ነው። ግን በሩ ከመዘጋቱ በፊት የነበረው የልጅቷ ፊት አልጠፋ አለኝ። የኛኩም ክንድም። ክንዷ ያን ጊዜ አርፎ ነበር።

ወንበሩን ይዤ ወደ ላይ ተመለስኩ።

አናጢ አይደለሁም። ይህን ወንበር ግን በየአቅጣጫው ሲወድቅ ስላየሁት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ወደ ኋላ የሚወድቀው የቆመበት ቦታ አጭር ስለሆነ ነው። ከእግሮቹ ሥር በሁለቱም በኩል ረዥም ጣውላ ቢመታበትና ወደ ኋላ ቢተርፍ፣ የትም ሊሄድ አይችልም። ጣውላ ግን አልቋል። ዙሪያዬን ስፈልግ ቤቱ ውስጥ ያለው እንጨት አልጋዬ ብቻ ነበር። ፍራሹን አነሳሁና ከርብራቡ የሚበቃኝን አወጣሁ።

ምስማር ይዤ ተንበረከክኩ። በተረከዜ ወለሉን ረገጥኩ።

መልስ የለም።

ጠበቅኩ። ልጅቷን ገና እያባበለቻት ይሆናል። ወይም ከኔ ጋር ጨርሳለች። ሁለተኛውን ብታደርግ ትክክል ነበረች። እንደገና ረገጥኩ፤ ቀስ ብዬ። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፤ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል፤ ከሷ መስኮት ምንም። መዶሻውን ላስቀምጥ ስል መጣ።

«ምቺ።»

መታሁ። ያን ቀን አንድም ምስማር አልተጣመመም። ኩራት አይደለም፤ እኔንም ገርሞኛል።

ረዥሞቹን ጣውላዎች ከሥር መታሁ። ለእግሯ መርገጫ ሠራሁ። ጣውላዎቹን በብርጭቆ ወረቀት እጄ እስኪቃጠል ፈተግኳቸው። ከአሮጌ ሻንጣዬ ማንገቻውን ቆርጬ ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ አደረግኩለት። ከዚያ የሩዝ ከረጢት አስቀምጬበት በሙሉ ኃይሌ ወደ ኋላ ገፋሁት። አልሄደም። ከረጢቱን አውርጄ ከሌላ ጎን ገፋሁት። ሌሊት ፍራሹን መሬት ላይ ዘርግቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ይዤው ስወርድ ኛኩም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ግቢ አላለችኝም፣ ሂጂም አላለችኝም። ወንበሩን ከእጄ ወስዳ አስቀመጠችውና በእግሯ ገፋችው። በእጇ ገፋችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ተደገፈችበት። እዚያው ቆመ።

«ይሄ እንጨት ሌላ ነው» አለች የሥሩን ጣውላ እያየች።

«የአልጋዬ ነው።»

«አንቺስ የት ትተኛለሽ?»

«መሬት።»

ትንሽ አሰበች። «መሬት ይቀዘቅዛል፤ ጥሩ ነው» አለችና ልጅቷን ልታመጣ ገባች።

ኛማልን አስቀመጠቻት፣ ቀበቶውን አሰረችላት። እኔ ከኋላ ሆኜ መደገፊያውን ይዤ ነበር፤ «ልቀቂው» አለችኝ። ለቀቅኩት። ገንፎው መጣ። አሁን በአንድ እጇ ማንኪያ፣ በሌላው ጨርቅ ይዛለች፤ ፊት ለፊት ተያይተዋል። ልጅቷ ጎረሰች። ዋጠች። አልፎ አልፎ ማሳሉ አልቀረም፤ ግን እንደ ትናንቱ አልነበረም። ሳህኑ አለቀ።

ከዚያ የሆነውን መቼም አልረሳውም። ኛኩም ማንኪያውን አስቀመጠችና እጆቿን አየቻቸው። ልጅቷ ነቅታለች፣ አላለቀሰችም፣ እጆቿ ግን ባዶ ናቸው። የት እንደምታደርጋቸው የጠፋት መሰለችኝ። ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ አነሳቻቸው። በመጨረሻ ከድና ያስቀመጠችውን የራሷን ሳህን ሳብ አድርጋ ከፈተች። ዓሣ ነበር፤ ገና ይጨሳል።

«ትኩስ ነው» አለች። ለኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

ጋምቤላ ውስጥ ምግብ የማይቀዘቅዝ ይመስላችሁ ይሆናል። የሷ ግን ኛማል ከተወለደች ጀምሮ ሲቀዘቅዝ ነው የኖረው። ግማሹን ወደኔ ገፋችልኝ። እኔና እሷ መሬት ላይ ተቀምጠን በላን። ኛማል ስንበላ ታየን ነበር።

ቅዳሜ ባሏ መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው። ወንበሩን ገልብጦ መረመረው።

«እግሮቹ እኩል አይደሉም» አለ።

«እኩል ቢሆኑ አይሆንም ነበር» አለችው ኛኩም።

በስልኩ ፎቶ አነሳና መጠለያው ውስጥ የአካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች እንቅስቃሴ ለምታሠራ ባለሙያ አሳያት። ባለሙያዋ ሰዓት ሙሉ እንዳትቀመጥ፣ አንገቷ ሥር ትንሽ ትራስ እንዲደረግ፣ በጉልበቶቿ መካከልም የተጠቀለለ ጨርቅ እንዲገባ መልእክት ላከችልን። ሁሉንም አደረግን። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ኛኩም ወንበሩን አውጥታ በራቸው ላይ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ታስቀምጠዋለች። ልጅ እንዳላት የማያውቀው እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ ያኔ ተረዳሁ። የግቢው ልጆች መጀመሪያ ርቀው ያዩ ነበር። ቆይተው ኳሳቸው ወደሷ ሲሄድ አምጥተው እግሯ መርገጫው ላይ ያስቀምጡላት ጀመር፤ እሷም እግሯ ሲገተር ትመታዋለች። ጎል ነው ይሏታል።

ከሌላ ብሎክ አንዲት እናት መጥታ ለልጇ «እንደዚያ ያለ» ሥሪልኝ አለችኝ። የመጀመሪያው ወንበር በስህተት ነው የተሠራው፤ እንደሱ ያለ አስቤ ስሠራ ግን ከበፊቱ ይበልጥ አስቸገረኝ። ቀጥ ያለ ሆኖ ይወጣብኛል። አሁን ልጁን ሳላይና ሳልለካ መጋዝ አላነሳም። አልጋዬንም አስጠግኛለሁ።

ባለፈው ወር ኛኩም ወደኔ ወጣች። በሩ ላይ ቆመች፤ ፊቷ መጀመሪያ ድምፁን ልትከስ የመጣች ቀን የነበረውን ይመስላል።

«ያ ወንበርሽ አይሆንም» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ወደቀች?»

«አልወደቀችም። ጠበበ። ጎኗን ይጫናታል፣ እግሯም ከመርገጫው አልፏል።» ቃል ፈለገች። «ወፍራለች። ረዝማለች። ድሮ እንደዚህ አልነበረችም፤ ምግቡ ይገባላታል።»

ይህን ሁሉ የተናገረችው በወቀሳ ድምፅ ነው። እኔም እንደተወቀሰ ሰው አዳምጬ ሜትሬን ይዤ ተከተልኳት። ሆቴል ውስጥ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያመሰግነኝ ይውላል፤ እስከ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ የሄደ ምስጋና ግን አላስታውስም። ያ ወቀሳ አብሮኝ ነው ያለው። የሠራሁት ነገር ለሰው መጥበቡን ስሰማ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ኛማልን አቅፋ ይዛልኝ ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ እግሯን ለካሁ። ቁጥሩን ስጽፍ ኛኩም በትከሻዬ አሻግራ አየች።

«ሰፋ አድርጊው» አለችኝ። «ገና ታድጋለች።»